ማን ነው የሚያባርረው?

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ይሄን ክፍል አንዴ ቀድቼ ሰርዤዋለሁ፤ ድምፄ ውስጥ መሰላቸት ከሰማችሁ ከዚያ የተረፈ ነው። ጎረቤታችን ጀነሬተሩን ገና አላስነሳም፣ እግዜር ይስጠው። እስኪያስነሳ እናውራ።

የባለ ኮፍያዎቹ ወር፣ ስለ ሰላዮች መጻሕፍት የማወራበት፣ አላለቀም። አውቃለሁ፣ አንድ ወር ነበር ያልኩት። እህቴ «ያንቺ ወር በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ማለት ጀምራለች። ግን ዛሬ ስለ ኮፍያ ላወራ አልመጣሁም፤ ጆን ባካን የሚባለው ደራሲ አላስተኛ ስላለኝ ነው። ማለቴ እተኛለሁ፣ አታካብዱብኝ። ግን ልክ መብራት ሳጠፋ ይመጣል።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትጨቃጨቁኝ።

ባካንን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው በ«39ኙ ደረጃዎች» ነው፣ የ1915ቱ። ባታነቡትም ታውቁታላችሁ፤ ያለ ጥፋቱ የሚታደን ሰው፣ ከኋላው ፖሊስ፣ ከፊቱ ሰላዮች፣ ባቡር፣ ተራራ፣ ልብስ ቀይሮ ማምለጥ። ከሱ በኋላ የመጣ የስለላ ጸሐፊ ሁሉ ከዚያ ወስዷል፣ በትርጉም እያነበብን ያደግንባቸውም ጭምር። እኔን የያዘኝ ግን እሱ አይደለም። ከሱ 5 ዓመት ቀድሞ፣ በ1910 የወጣው ነው። «ፕሪስተር ጆን»።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ቀና አላችሁ። አዎ፣ የኛው ሰውዬ። የኛ የተባለው ሰውዬ። እንግዲህ... እሱ ላይ ነው ጣጣው።

ታሪኩን በአጭሩ። (ሳቅ) አጭር ስል መቼም ታውቁኛላችሁ። ዴቪድ ክሮፈርድ የሚባል የስኮትላንድ ልጅ ነው። ልጅ ሆኖ፣ አንድ እሑድ እነሱ ቤተ ክርስቲያን አንድ ጥቁር ቄስ እንግዳ ሆኖ ይሰብካል። ማታ ልጆቹ ባሕር ዳርቻ ሲዞሩ ያንኑ ቄስ ያዩታል፤ እሳት አንድዶ፣ አሸዋው ላይ ምልክት እየሠራ፣ እሳቱን እየዞረ። ሲያያቸው ያባርራቸዋል። ከዓመታት በኋላ የዴቪድ አባት ይሞታል፣ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ሊሠራ ይሄዳል፤ እዚያም ያ ቄስ አለ። ጆን ላፑታ ይባላል። የተማረ ነው፣ አውሮፓን ያውቃል፣ አንደበቱ ሰው ይማርካል። በጎን ግን ነጮቹን የሚያባርር አመፅ እያደራጀ ነው። እኔ የአቢሲኒያው ንጉሥ የፕሪስተር ጆን ወራሽ ነኝ ይላል። ማረጋገጫው ሐብል ነው፣ የቀይ ዕንቁ ሐብል፤ ከዚያ ንጉሥ ተነሥቶ ከአሸናፊ ወደ አሸናፊ እየተላለፈ፣ በዙሉው በሻካ በኩል ሁሉ አልፎ እዚያ የደረሰ። ያን ያጠለቀ ይነግሣል።

እና አንድ የዋሻ ምዕራፍ አለ። ዴቪድ ሊሰልል ተደባልቆ ይገባል። ሰዉ ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል፣ ላፑታ ሐብሉን አጥልቆ ይጸልያል፣ ከዚያ ይናገራል፤ የተወሰደባቸውን መሬት፣ ነጩ ያመጣላቸውንና የወሰደባቸውን። ልጁ፣ ጠላት ሆኖ የገባው ልጅ፣ ይሄን ሰውዬ ልከተለው የሚል ነገር ይይዘዋል። እኔን የሚገዛኝ እንዲህ ያለ መሪ በኖረኝ ይላል በራሱ አፍ። ባካን ይሄን ለምን ጻፈው? ማንም አላስገደደውም። ለወንድ ልጆች የሚሆን የጀብዱ ልብወለድ ነው፤ ክፉውን ክፉ አድርጎ መጨረስ ይችል ነበር። ትልቁን ንግግር ለላፑታ ሰጠው፣ ግርማውን ለላፑታ ሰጠው። ሌላው ሁሉ፣ ዴቪድን ጨምሮ፣ አጠገቡ ሲቆም ያንሳል። እኔ እዚህ ምዕራፍ ላይ ባካንን ይቅር ብዬው ነበር። ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም፣ ግን እኔ እንደዚያ ነኝ፣ ቸኩዬ ይቅር እላለሁ።

ከዚያ ሐብሉ ይሰረቃል። ሄንሪከስ የሚባል ፖርቱጋላዊ፣ የላፑታ ሸሪክ ነኝ ባይ፣ ጠባቂውን ሽማግሌ ገድሎ ሊወስደው ሲል ዴቪድ በቡጢ ይጥለውና ሐብሉን እሱ ይዞ ይሮጣል። ወንዝ ይሻገራል፣ በጨለማ፣ አዞ ያለበት ወንዝ። ከዚያ ተራራው አለ። ተራራው ላይ ከወጣ ነጮቹ አሉ፣ ይድናል። ከኋላው የላፑታ ሰዎች እየመጡ ነው።

እና እኔ ያን ጊዜ የት ነኝ? ታክሲ ውስጥ። ከመገናኛ ወደ ፒያሳ፣ ኋለኛው ወንበር፣ መስኮቱ የማይዘጋው ጋ። ስልኬ ላይ እያነበብኩ። ልጁ እየወጣ ነው፣ እግሩ ከድቶታል፣ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ ከታች ድምፅ ይሰማል... እና «ሩጥ!» አልኩ።

በድምፅ። ጮክ ብዬ።

ረዳቱ ዞር ብሎ «ወራጅ አለ?» አለ። ሾፌሩ ደግሞ ፍሬን ያዘ፣ ታውቋቸዋላችሁ። «የለም፣ የለም» አልኩ። አጠገቤ ጋቢ የደረቡ አባት ነበሩ። ስልኬን አዩ፣ እኔን አዩ። «ማን ነው የሚያባርረው ልጄ?» አሉኝ። በጣም በቁም ነገር። እኔም ሳላስብ፣ በእውነት ሳላስብ፣ «ባለቤቱ» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «የምኑ ባለቤት?» «የሐብሉ።» «ሐብሉን የያዘው ሯጩ ነው?» «አዎ አባባ።» «እንግዲያው ይያዛ!» አሉና ሳቁ፣ አራት ኪሎ ላይም ወረዱ። ሲወርዱ ራሱ እየሳቁ ነበር።

ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልሆነም። ግን ያቺን ነገር ከዚያ ወዲህ በጭንቅላቴ ስደጋግማት ነው የከረምኩት። በተለይ «ባለቤቱ» ያልኩትን። «ሩጥ» ማለቴ አይገርመኝም፣ እሱ የባካን ሥራ ነው። ሰውዬው ከማንም በላይ የሚያውቅበት አንድ ነገር ቢኖር የሚሮጥ ሰው ትንፋሽ ነው። ሯጭ ካሳየህ አንባቢ አብሮ ይሮጣል፤ ለምን ይሮጣል፣ ምን ይዟል፣ ያ በኋላ ነው የሚመጣው። ግን «ባለቤቱ»ን ማን አስወጣው ከአፌ? ማለቴ፣ ባለቤቱ ላፑታ ነው ብዬ ካመንኩ፣ ለምን ለሌባው እጮሃለሁ?

አሁን አንዱ «ሌባ አይደለም፣ ከሌባ ነው የነጠቀው» ብሎ ይጽፍልኛል። አንተን ነው፣ አውቅሃለሁ፣ ሁልጊዜ አንተ ነህ። ልክ ነህ። ከሄንሪከስ ነው የነጠቀው። በኋላም ነፍሱን ለማዳን የደበቀበትን ቦታ ለላፑታ ያሳየዋል፣ ላፑታ በሐብሉ ተመስጦ ሳለ ልጁ ፈረሱን ይዞበት ያመልጣል። ስለዚህ በመጨረሻ ሐብሉን መለሰ፣ ፈረስ ሰረቀ። ይሄ ነገሩን ያቀለዋል? እኔ እንጃ።

በአእምሮዬ ለአባባ ሌላ መልስ እሰጣቸዋለሁ። «ወንበዴዎች ናቸው የሚያባርሩት አባባ» እላለሁ። ያኔ «እግዜር ያውጣው» ይሉልኛል፣ ሁላችንም በሰላም ፒያሳ እንደርሳለን። ወይ ደግሞ «የኛ ንጉሥ ወራሽ ነው የሚያባርረው» እላለሁ። ያኔ ግን... ያኔ ይጠይቁኛል። «የየትኛው ንጉሥ?» ይሉኛል። እሳቸውን የመሰለ ሰው ሳይጠይቅ አያልፍም። ምን ልላቸው ነው?

ፕሪስተር ጆን ማን ነው? የለም'ኮ። በ1165 አካባቢ ቁስጥንጥንያ ላለው ንጉሥ ለማኑኤል የተጻፈ አንድ ደብዳቤ አውሮፓ ውስጥ ዞረ፤ ከእስላሙ ዓለም ጀርባ ያለሁ ኃያል ክርስቲያን ንጉሥ ነኝ የሚል፣ የፈጠራ ደብዳቤ። መጀመሪያ ሕንድ ነው ተባለ። እዚያ ፈልገው ሲያጡት በ14ኛው መቶ ዓመት ወደኛ አዞሩት። ከዚያ በቃ፣ የኛ ነገሥታት ሳያመለክቱ ስም ተሰጣቸው።

የፖርቱጋሉ ንጉሥ ደግሞ በ1487 ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ሰላይ ላከ። ሰላይ ነው፣ የምር ሰላይ፣ አረብኛ የሚናገር፣ ነጋዴ መስሎ የሚዞር። ሕንድን ዞሮ፣ ቀይ ባሕርን አልፎ፣ እኛ ዘንድ ገባ። ገባና አልወጣም! አላስወጣም አሉት። መሬት ተሰጠው፣ አገባ፣ ወለደ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች አፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲመጡ ሽምግሎ እዚያው አገኙት። ያን ያህል ዘመን! ይሄን ባካን አልጻፈውም፤ ከጻፋቸው ሁሉ ግን ይሄ ይበልጣል። አስቡት እስቲ፣ ተልእኮህ አንድ ሰው ፈልገህ ማግኘት ነው፣ ታገኘዋለህ፣ እሱ ግን እኔ ያልከው ሰው አይደለሁም ይልሃል፣ ደግሞም አትሄድም ይልሃል። እኔ ብሆን... አይ፣ ከመንገድ ወጣሁ።

ምን እያልኩ ነበር? ባለቤቱ።

አንዲት ወዳጄ አለች፣ ታውቋታላችሁ፣ ያቺ ስለ መንፈሳዊ ጉዞ ክፍል ላይ የተጣላችኝ። መጽሐፉን ስነግራት ደስ አላት። «አየሽ፣ በዙሉ አገር እንኳ የሚነግሥ በኛ ስም ነው» አለችኝ። እኔም ለአፍታ ደረቴ ነፋ አለ፣ ልዋሽ? ከዚያ ግን ዓመቱን አስታወስኩ። 1910። ምኒልክ ታመዋል እንጂ በሕይወት አሉ። ከአድዋ 14 ዓመት ነው ገና። ባቡሩ ድሬዳዋ ደርሷል። አዲስ አበባ ላይ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን አለ። አገሩ እዚያው ቆሟል። መጽሐፉ ውስጥ ግን አቢሲኒያ ድሮ የነበረ ነገር ነው፤ መንፈሱ ወጥቶ ወደ ደቡብ የሄደ። ሐብሉ ከኛ ወጣ፣ እኛ ቀረን። በሕይወት ያለ የሚነካ ኢትዮጵያዊ አንድ እንኳ የለበትም። በስማችን ይነገሣል፣ እኛ የለንም።

እና ይሄ ያናድዳል። አናደደኝም፣ ለጥቂት ቀን ያህል። ከዚያ ደግሞ ቁጣዬ ተበላሸብኝ፣ ምክንያቱም ስማችንን የያዙ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፣ የእውነት ሰዎች። ማንጌና ሞኮኔ የሚባል የሜቶዲስት ቄስ በ1892 ፕሪቶሪያ ላይ ከነጮቹ ተለይቶ የራሱን ቤተ ክርስቲያን መሠረተ፤ ስሟን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አላት። ከመዝሙረ ዳዊት ነው፣ «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው። ከአድዋ በፊት ነው ይሄ! ከዚያ እንዲህ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት በዙ፣ የነጮቹ ሹማምንት ደግሞ ፈሩ። ጥቁር ቄስ በራሱ መድረክ ላይ ሲቆም አመፅ ታያቸው። በ1906 ናታል ውስጥ ባምባታ የሚባል የዙሉ አለቃ በግብር ምክንያት ሲነሣ ጊዜ ፍርሃቱ ባሰ። ባካን ከ1901 እስከ 1903 እዚያው ነበር፤ የእንግሊዙ ገዥ የሎርድ ሚልነር ጸሐፊ፣ የ26 ዓመት ወጣት። እንግሊዝ ቦሮቹን፣ የደቡብ አፍሪካ ነጭ ገበሬዎችን፣ በወጋችበት ጦርነት ከ26 ሺህ በላይ የቦር ሴቶችና ሕፃናት ያለቁባቸው ካምፖች አሉ፣ ጥቁሮቹ ደግሞ በሌላ ካምፕ፤ እነዚያን ካምፖች እንዲያስተካክሉ ከተመደቡት አንዱ ነበር። ፍርሃቱን ከቢሮ ሰምቶ ወደ ቤቱ ወሰደው፣ ላፑታን ሠራበት። ላፑታ ማለት የሞኮኔን ዓይነት ሰው የሚፈራ ሰው ሌሊት የሚያየው ነው።

እና ሞኮኔ በስማችን ሲጠራ ደስ ይለኛል፣ ላፑታ በስማችን ሲነግሥ እናደዳለሁ፣ ልጁ በሐብላችን ሲሮጥ «ሩጥ» እላለሁ። እኔ'ኮ ዳኛ ብሆን አገር አይተርፍም።

ቆይ፣ ስለ «39ኙ ደረጃዎች» አንድ ነገር ልበል፣ ለዚሁ ነገር ይጠቅመኛል። ባካን ያን መጽሐፍ በ1914 ታሞ ነው የጻፈው። የአንጀት ቁስለት። ብሮድስቴርስ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሄዶ፣ ጦርነቱ ተጀምሯል፣ እሱ ግን አልጋ ላይ ነው። ልጁ ዊልያም እንዳለው ስሙ የመጣው ከእህቱ ከአሊስ ነው፤ ያኔ መቁጠር እየተማረች ነበርና ወደ ባሕሩ የሚያስወርደውን ደረጃ ስትቆጥር 39 ሆነ። ደስ አይልም? አንድ ሕፃን ቆጠረች፣ ስንቱ ወታደር ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ አነበበው።

መጨረሻው ላይ ሃናይ፣ ዋናው ሰው፣ ሰላዮቹ ያሉበትን ቤት ያገኛል። ይገባል። ሦስት ጨዋ እንግሊዞች እራት ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ፈገግ ይላሉ፣ ግራ ይጋባሉ፣ ተቀመጥ፣ ካርታ አብረን እንጫወት ይሉታል። ሃናይ ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። ምናልባት ተሳስቼ ይሆን? ሰላማዊ ሰዎች ቤት ገብቼ ይሆን? ያ ምዕራፍ ከሩጫው ሁሉ ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም ማንም አይሮጥም። ከዚያ አንደኛው ሰውዬ በጣቶቹ ጉልበቱን መታ መታ ያደርጋል። ያን ሃናይ ሌላ ቦታ አይቶታል፣ ሌላ ፊት ላይ። በቃ፣ ሁሉም ነገር ተገለጠ።

እኔ ከባካን ጋር እንደዚያ ነው የተቀመጥኩት። ጨዋ ሰው ነው፣ ያጫውተኛል፣ ላፑታን ያከብራል፣ የቄስ ልጅ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ያውቃል። እኔም ምናልባት እየበደልኩት ይሆን እላለሁ። ከዚያ መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ዴቪድ እንዲህ ይላል፤ የነጩ ሰው ግዴታ ገባኝ፣ በነጭና በጥቁር መካከል ያለው ልዩነት ኃላፊነት የመሸከም ስጦታ ነው፣ በትንሹም ቢሆን ንጉሥ መሆን መቻል ነው። ጣቱ መታ መታ አደረገች። አየኋት። ገና የዋሻው ሰውዬ አለ'ኮ! ንጉሥ መሆንን አሁን አሳየኸን፣ ጻፍከው፣ አስለቀስከን፣ እና ይሄን ትላለህ? የራሱን መጽሐፍ አላነበበውም እንዴ?

(ዝምታ)

ይኸው ጀነሬተሩ። ሰማችሁት? ይሄን አልቆርጠውም፣ ይግባ።

ሌላ ነገር ልንገራችሁ፣ ምን እንደማደርገው ግን እኔም አላወቅሁትም። ባካን በመጨረሻ ሎርድ ትዊድስሙር ተብሎ የካናዳ ጠቅላይ ገዥ ሆነ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ እንደራሴ። ኩቤክ ላይ ቃለ መሐላ የፈጸመው ኅዳር... በነሱ ኖቬምበር 2፣ 1935 ነው። ጣልያን እኛን ከወረረ ወር ገደማ ሆኖታል። እና በዚያው ዕለት፣ በዚያው በኖቬምበር 2፣ ጄኔቭ ላይ ዋልተር ሪድል የሚባል ሰው፣ የካናዳ ተወካይ ነው፣ ተነሥቶ ጣልያን ላይ በተጣለው ማዕቀብ ውስጥ ነዳጅ ይግባ አለ። ነዳጅ! ይሄ ቢሆን ስንት ነገር... በቃ። ወር ሞላው፣ ዲሴምበር 2፣ የካናዳ መንግሥት ያ የሪድል የግል አስተያየት ነው ብሎ ካደው። ነዳጁም አልቆመም።

ባካን ምንም አላደረገም እያልኩ አይደለም። ምንም የማድረግ ሥልጣን አልነበረውም፤ ጠቅላይ ገዥ ማለት ሚኒስትሮቹ ያሉትን የሚፈርም ነው። ቀኑ ገጠመ፣ ያ ብቻ ነው። ግን የፕሪስተር ጆንን ሐብል የጻፈ እጅ በዚያ ቀን ወደ ላይ ተነሥቶ ሲምል ይታየኛል፣ እና... ምን? ምንም። አንዳንድ ቀን ገጠመ ብሎ ነገር ማንበብ የኔ በሽታ ነው። እህቴ ትመስክር።

ስለ መጨረሻው አልነገርኳችሁም። አበላሻለሁ፣ ያልፈለገ ይዝለል። ላፑታ ቆስሎ ወደ ዋሻው ይመለሳል፣ ሐብሉን ያጠልቃል፣ ሼክስፒርን ይጠቅሳል፣ ከዚያ ከመሬት በታች ወደሚወርደው ፏፏቴ ይዘልላል። ሐብሉ አብሮት ጠፋ። ማንም አላገኘውም። ዴቪድ ግን ባዶ እጁን አልቀረም፤ ዋሻው ውስጥ አልማዝ ነበር፣ ድርሻው ደርሶት ሀብታም ሆኖ አገሩ ገባ። በቀረው ገንዘብ ለጥቁሮቹ የሙያ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ እዚያ ውስጥ ሐውልት ቆመ። ከሥሩ «ፕሪስተር ጆን» ይላል፤ ፊቱ ግን የላፑታ ፊት ነው።

እዚህ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ማን ነው ይሄን የፈቀደው? ያሸነፉት ሰዎች ናቸው ሐውልቱን ያቆሙለት፣ በስሙ ግን አላቆሙለትም። አክብሮት ነው? አንዳንድ ቀን አክብሮት ይመስለኛል። ስሙን ቢጽፉት ልጆቹ ማን እንደነበረ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ባካን ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ ማለቴ ከዴቪድ በላይ ያውቅ ነበር፣ ያችን የጣት ነገር ራሱ... አይ። አሁን ደግሞ ይቅር ልለው ነው፣ አየሁት፣ እየመጣ ነው።

«ግሪንማንትል»ን ጀምሬያለሁ ደግሞ፣ የ1916ቱን። ቱርክ ነው፣ ጦርነት ነው፣ አንድ ነቢይ አለ፣ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው። ነቢዩ ይሞታል፣ ከዚያ ማን ቢቆም ጥሩ ነው በሱ ቦታ? እንግሊዙ! ሳንዲ የሚባለው፣ የሃናይ ጓደኛ። የሰውዬውን ልብስ ለብሶ፣ ስሙን ይዞ። እንደገና'ኮ ነው። እና እያወቅሁት፣ ይሄን ሁሉ ለእናንተ እየለፈለፍኩ፣ ማታ ማታ ገጹን እየቸኮልኩ ነው የማዞረው፣ ኤርዙሩም ይደርሱ ይሆን ብዬ። ይደርሳሉ፣ በሩን ታሪክ ከፍቶታል፣ ሩሲያ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ገብታለች፣ አውቃለሁ፣ ግን እነሱ ሲደርሱ ማየት...

ይሄ ጀነሬተር አሁንስ አላስወራ አለ። ቆይ መስኮቱን ልዝጋ። የሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሳንዲ... አይ ቀጠሮ አልሰጥም፣ ስንት ጊዜ ሰጥቼ...